ኢሴ ጂንጉን እንዴት እንጎብኝ? ከባቡር ጣቢያው እስከ ነጩ መጋረጃ

መጀመሪያ ኢሴ የሄድኩ ጊዜ ቅር ብሎኝ ተመለስኩ። ከናጎያ አርፍጄ ተነስቼ፣ እኩለ ቀን ላይ ደርሼ፣ በሰው ጎርፍ እየተገፋሁ የድንጋዩን ደረጃ ስወጣ የጠበቀኝ አንድ ነጭ መጋረጃ ነው። ከመጋረጃው ጀርባ የእንጨት አጥር፣ ከአጥሩ ጀርባ ሌላ አጥር፣ ከዚያ ወዲያ የሣር ክዳን ጫፍ። ስልኬን ላወጣ ስል ጥበቃው በትሕትና፣ ግን በማያሻማ ሁኔታ እጁን አወዛወዘልኝ። ጃፓን ውስጥ ካሉት ወደ 80,000 የሚጠጉ የሺንቶ (የጃፓን ነባር እምነት) ቤተ አምልኮዎች ሁሉ በላይ ነው የሚባለው ይኼ ነው? እያልኩ ባቡሬን ያዝኩ።

በሁለተኛው ጉዞዬ ነገሩ ገባኝ። ኢሴ ለዓይን ብዙ አይሰጥም። ያለውን የሚሰጠው በተራው ለሚሄድ፣ የት ቆሞ ወዴት ማየት እንዳለበት አስቀድሞ ለሚያውቅ ሰው ነው። ከዚህ በታች የጻፍኩት የሁለተኛው ጉዞዬን መንገድ ነው። ዓመታቱና ወራቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የምትሄዱበትን እወቁት

ቦታው በሚኤ ክፍለ ሀገር፣ ኢሴ በምትባል ከተማ ይገኛል። መደበኛ ስሙ "ጂንጉ" ብቻ ነው፤ ሕዝቡ ግን ለሰው የሚሰጠውን የአክብሮት ቅጥያ ጨምሮ "ኦኢሴ ሳን" ይለዋል። አንድ ሕንፃ ሳይሆን በከተማዋና በዙሪያዋ የተበተኑ የ125 ቤተ አምልኮዎች ስብስብ ነው። ከእነዚህ ሁለቱ ዋነኞች ናቸው። ጌኩ፣ ማለትም "የውጭው"፣ የምግብ፣ የልብስና የመጠለያ ጠባቂ ለምትባለው ለቶዮኡኬ የቆመ ነው። ናይኩ፣ "የውስጡ"፣ ደግሞ የፀሐይ አምላክ ለሆነችውና የንጉሠ ነገሥቱ ቤተሰብ ዘሩን ለሚቆጥርባት ለአማቴራሱ የቆመ ነው። በልማድ እንደሚነገረው ናይኩ 2,000፣ ጌኩ 1,500 ዓመት አስቆጥረዋል።

ሕንፃዎቹ ግን አሮጌ አይደሉም። በየ20 ዓመቱ ዋናዎቹ መቅደሶች ከጎናቸው ባለ ባዶ ቦታ ላይ እንደ አዲስ ይሠሩና አሮጌዎቹ ይፈርሳሉ። ሥርዓቱ ሺኪኔን ሴንጉ ይባላል። የመጀመሪያው በንግሥት ጂቶ ዘመን በ690 ተደረገ፤ 62ኛው በ2013 ተፈጸመ፤ ቀጣዩ በ2033 ይሆናል። በጦርነት ዘመን ከ120 ዓመት በላይ ተቋርጦ ያውቃል፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም በ1949 መሆን የነበረበት ወደ 1953 ተገፍቷል።

ለምን 20 ዓመት? ብዙ ምክንያት ይሰጣል፤ አንዱ አናጺው ለልጁ፣ ልጁ ለልጁ ሙያውን እጅ በእጅ እንዲያወርስ ነው። እኔ ግን ሣር ቤት ለሚያውቅ ሰው ማብራሪያው አጭር ነው ባይ ነኝ። ክዳኑ ሣር ነው፣ ምሰሶዎቹ ያለ መሠረት ድንጋይ በቀጥታ አፈር ውስጥ የተተከሉ ናቸው፣ እንጨቱም ሂኖኪ የሚባል የጥድ ዘመድ ሆኖ ቀለም አይነካውም። በዚያ ዝናብና እርጥበት እንዲህ ያለ ቤት ስንት ዓመት እንደሚቆም ገጠር ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ልዩነቱ ሌላው ሕዝብ ድንጋይ ሲፈልግ እነዚህ ሰዎች ደግሞ መሥራትን መምረጣቸው ነው። ሥራውም ቀላል አይደለም፦ ከ10,000 በላይ የሂኖኪ ግንድ ይፈልጋል፤ ለአምላኮቹ የሚቀርበው ልብስና ንዋይም 714 ዓይነት፣ 1,576 ዕቃ ሆኖ በየጊዜው እንደ አዲስ ይሠራል።

ከመነሳታችሁ በፊት

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ከጉዞው በፊት ቪዛ ማውጣት አለበት። የአሜሪካ፣ የእስራኤል ወይም የአብዛኞቹ የአውሮፓ ሀገራት ፓስፖርት ያላችሁ ለአጭር ጉብኝት ያለ ቪዛ ትገባላችሁ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በሴኡል አድርጎ ቶኪዮ ናሪታ ይደርሳል፤ ከቶኪዮ እስከ ናጎያ በፈጣኑ ባቡር አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ገደማ ነው።

መግቢያው ነፃ ነው፣ ትኬትም የለም። ቅጥሩ ዓመቱን ሙሉ በጃፓን ሰዓት 5፡00 ላይ፣ በእኛ አቆጣጠር ከንጋቱ 11 ሰዓት ይከፈታል። የሚዘጋው እንደ ወቅቱ ነው፦ ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር በእኛ ከቀኑ 11 ሰዓት፣ ከጃንዋሪ እስከ ኤፕሪል እንዲሁም በሴፕቴምበር 12 ሰዓት፣ ከሜይ እስከ ኦገስት ምሽት 1 ሰዓት። በባቡር ትኬት ላይ የምታዩት ሁሉ የፈረንጅ ሰዓት ስለሆነ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት አንድ ጊዜ አስሉት፤ በዚህ ስሕተት ባቡር ያመለጠው ሰው ብቻዬን እንዳልሆንኩ እገምታለሁ።

መቼ ይሻላል? የአዲስ ዓመት ሰሞን ካልወደዳችሁ በቀር አትሞክሩት፤ ሀገሩ በሙሉ እዚያ ነው። መቅደሱ በታደሰበት በ2013 ብቻ ከ14 ሚሊዮን በላይ ሰው እንደ ጎበኘው ይነገራል። ጁን ዝናብ ነው፤ ኦገስት ደግሞ የሚያፍን ወበቅ። የኖቬምበር መጨረሻ በኢሱዙ ወንዝ ዳር ቅጠሉ የሚቀላበት ጊዜ ነው። እኔ የምመርጠው ፌብሩዋሪ ነው፤ ብርዱ ይቆነጥጣል እንጂ መንገዱ የእናንተ ብቻ ይሆናል። በየትኛውም ወር ከሥራ ቀን አንዱን ምረጡ፤ ከዚያም በማለዳ ድረሱ። ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ማለዳ ለመሳለም የሚመጡ የአካባቢው ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ያ ግን ግፊያ ሳይሆን ደስ የሚል ሰልፍ ነው።

አለባበስ ላይ ጥብቅ ደንብ የለም፤ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ስትሄዱ የምታፍሩበትን አትልበሱ፣ በቂ ነው። መንገዱ ሁሉ ጠጠር ነውና ጫማው ምቹ ይሁን፤ ተረከዘ ረጅም ጫማ ያደረገች እህት እንባ ሲተናነቃት አይቻለሁ። ለአረጋውያንና እግራቸውን ለሚያማቸው ተሽከርካሪ ወንበር ያውሳሉ፤ መግቢያው ላይ ያሉትን ጥበቃዎች ጠይቁ። ከባድ ሻንጣ ካላችሁ በባቡር ጣቢያው ሳንቲም እየገባባቸው የሚቆለፉ ሳጥኖች አሉ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ሺንቶ ሞትን እንደ ርኩሰት ስለሚያይ ቅርብ ዘመዱ የሞተበት ጃፓናዊ ለተወሰነ ጊዜ ወደ ቤተ አምልኮ አይሄድም። ማንም አይጠይቃችሁም፤ ሐዘን ላይ ያለ ጃፓናዊ ጓደኛ "አብሬ አልመጣም፣ ውጭ እጠብቃችኋለሁ" ካላችሁ ግን አታስገድዱት።

ባቡሩ

ከናጎያ የሚሄዱ ሁለት መስመሮች አሉ። ኪንቴትሱ የሚባለው የግል ባቡር ድርጅት ልዩ ፈጣን ባቡር አንድ ሰዓት ተኩል በማይሞላ ጊዜ ኢሴሺ ጣቢያ ያደርሳል፤ ከኦሳካና ከኪዮቶም በዚሁ መስመር ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ለቱሪስት የሚሸጠውን የጄአር (የጃፓን ባቡር ድርጅት) ማለፊያ የያዛችሁ እዚህ ጋ ጥንቃቄ አድርጉ፦ ኪንቴትሱ ላይ አይሠራም። በጄአር "ሚኤ" ፈጣን ባቡር መሄድ ይቻላል፤ ነገር ግን መሐል ላይ የሌላ ድርጅት ሐዲድ ስለሚያቋርጥ ለዚያች ቁራጭ ተጨማሪ ገንዘብ ይከፈላል። ተቆጣጣሪው ባቡር ውስጥ መጥቶ ሲጠይቃችሁ እንዳትደነግጡ።

ኢሴሺ ጣቢያ ውረዱ። ከጣቢያው በር ጌኩ በእግር አሥር ደቂቃ አይሞላም።

አንደኛ፦ ከጌኩ ጀምሩ

እኔ በመጀመሪያው ጉዞዬ የዘለልኩት ይህንን ነው። ልማዱ ጌኩን አስቀድሞ ናይኩን ማስከተል ነው፤ ሥርዓተ አምልኮውም የሚካሄደው በዚሁ ተራ ነው። አብዛኛው ጎብኚ ወደ ናይኩ ስለሚሮጥ ጌኩ ጸጥ ያለ ነው፤ ነገሩን ለመማር ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም።

ትንሿን ድልድይ እንደ ተሻገራችሁ የመንገዱን ግራ ያዙ። በጌኩ ግራ፣ በናይኩ ቀኝ ነው የሚኬደው፤ የእጅ መታጠቢያው በዚያ በኩል ስለሆነ ነው። የመንገዱ መሐል የአምላኮቹ መሄጃ ነው ተብሎ ስለሚታመን ሰው ጠርዙን ይዞ ይሄዳል።

መታጠቢያው ጋ ስትደርሱ የእንጨት ጭልፋዎች ተደርድረው ታገኛላችሁ። በቀኝ እጅ ጭልፋውን ይዛችሁ ቅዱና ግራ እጃችሁን ታጠቡ። ጭልፋውን ወደ ግራ አዛውራችሁ ቀኙን ታጠቡ። መልሳችሁ በቀኝ ያዙና ግራ መዳፋችሁ ላይ ጥቂት ውሃ አፍስሳችሁ በእሷ ተጉመጥመጡ፤ ጭልፋውን በአፍ መንካት ነውር ነው፣ የተጉመጠመጡበትንም ከገንዳው ውጭ ቀስ አድርጎ ነው መትፋት። ግራ እጃችሁን ደግማችሁ ታጠቡ። በመጨረሻ ጭልፋውን ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት፤ የቀረችው ውሃ በእጀታው ላይ ወርዳ የያዛችሁትን ቦታ ለሚቀጥለው ሰው ታጥበዋለች። ይህ ሁሉ በአንድ ቅጂ ውሃ ማለቅ አለበት። በማንቆርቆሪያ እንግዳ እያስታጠብን ላደግን ሰዎች ውሃን ቆጥቦ ማዳረስ አዲስ አይደለም፤ ያም ሆኖ የመጀመሪያው ቀን እኔ እጅጌዬን አርሻለሁ። ጭልፋ ካልተቀመጠ በሚወርደው ውሃ እጃችሁን መታጠብ ይበቃል።

ከዚያ ቶሪ ትደርሳላችሁ፦ ሁለት ምሰሶ፣ ሁለት አግዳሚ፣ በር የሌለው በር። ሌላ ቦታ ቀይ ቀለም የተቀቡ ታያላችሁ፤ የኢሴዎቹ ያልተቀባ እንጨት ናቸው። ኮፍያ ካደረጋችሁ አውልቁና ከማለፋችሁ በፊት ጎንበስ በሉ። ስትወጡም ዞር ብላችሁ እንዲሁ አድርጉ።

"እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ እኔ ሙስሊም ነኝ" ለምትሉ

ይህ ጥያቄ ከእኛ ሰው ሁሌም ይመጣል፤ መምጣቱም ተገቢ ነው። አማርኛችን እዚህ ላይ ይረዳናል። እጅ መንሳት አንድ ነገር ነው፣ መስገድ ሌላ። ቶሪው ላይ ጎንበስ ማለት ሰው ቤት ሲገቡ "እንዴት ዋላችሁ" ብሎ እጅ እንደ መንሳት ነው፤ እኔ ያለ ጭንቀት አደርገዋለሁ። መቅደሱ ፊት የሚደረገው ሁለት ጊዜ ጎንበስ፣ ሁለት ጊዜ ጭብጨባ፣ አንድ ጊዜ ጎንበስ ግን ጸሎት ነው። ያንን አላደርግም፤ ከሰልፉ ወጣ ብዬ በጎን በዝምታ እቆማለሁ። በስንት ጉብኝት አንድ ሰው እንኳ በክፉ ዓይን አላየኝም። ሺንቶ የእምነት መግለጫ አይጠይቅም፤ በር ላይም "ምንድን ነህ?" የሚል የለም። በ2016 የቡድን 7 መሪዎች በአቅራቢያው ሲሰበሰቡ ሁሉም ናይኩን ጎብኝተዋል።

እጅ መታጠቡንም ቢሆን ሕሊናችሁ ካልፈቀደ ዝለሉት። ዝም ብሎ ማለፍ ይቻላል። የማይቻለው አሥራ አምስት ሰው ከኋላ ቆሞ እየጠበቀ ለፎቶ ሲሉ የውሸት ጸሎት መጸለይ ነው። ሳንቲም መስጠት ለሚፈልግ ግን አንድ ጨዋታ ልንገራችሁ፦ ጃፓኖች ባለ 5 የኗን ሳንቲም ይመርጣሉ። "ጎ ኤን" አምስት የን ማለት ነው፤ ያው ድምፅ በሌላ ጽሕፈት "መልካም ግንኙነት፣ መተሳሰር" ማለት ይሆናል። ሰምና ወርቅ የትም አለ።

ሁለተኛ፦ ጣሪያውን አንብቡ

ጌኩም ውስጥ ዋናው መቅደስ በአጥር ላይ አጥር ተከቦ ነው ያለው፣ ከበሩ ወደ ውስጥ ፎቶ አይነሳም። ብዙ ሰው ሁለት ደቂቃ ቆሞ ይመለሳል። እናንተ ግን ሁለት ነገር አድርጉ።

አንደኛው፣ ከመቅደሱ ጎን ያለውን ባዶ ቦታ ፈልጉ። ነጫጭ ጠጠር የተነጠፈበት ሰፊ ግቢ፣ መሐሉ ላይ አንዲት የውሻ ቤት የምታክል የእንጨት ጎጆ። እስከ 2013 መቅደሱ የቆመው እዚያ ላይ ነበር፤ ጎጆዋ የመሐለኛዋን ምሰሶ ቦታ ትጠብቃለች።

ሁለተኛው፣ የኤሊ ቅርጽ አለው በሚባል ትልቅ ድንጋይ የተሠራውን ድልድይ ተሻግራችሁ 98ቱን ደረጃዎች ውጡ። ላይ ታካ ኖ ሚያ አለች። እንደ ዋናው ተመሳሳይ አሠራር አላት፤ አጥሯ ግን ዝቅተኛ ስለሆነ ዓይናችሁ ሳይከለከል ሁሉን ያያል። ምሰሶው አፈር ውስጥ መግባቱን፣ የሣሩን ክዳን ውፍረት ተመልከቱ። ከዚያ ወደ ጣሪያው ጫፍ ተመልከቱ፦ እንደ ቀንድ ወደ ሰማይ የወጡ ሁለት ጥንድ እንጨቶች ቺጊ ይባላሉ። በጌኩ ጫፋቸው ቀጥ ብሎ ወደ ታች የተቆረጠ ነው፤ በናይኩ አግድም። በጣሪያው ቁመት ላይ የተጋደሙት ድብልብል ግንዶች ካትሱኦጊ ናቸው፤ በጌኩ ዋና መቅደስ ላይ 9፣ በናይኩ 10። ይህን ከያዛችሁ ናይኩ ስትደርሱ ከአጥር በላይ የምትታየው ያቺ የጣሪያ ጫፍ ትናገራችኋለች።

ማለዳ ከሆናችሁ ነጭ የለበሱ ካህናት ሣጥን ተሸክመው ሲያልፉ ልታዩ ትችላላችሁ። ለአምላኮቹ ቁርስና እራት ነው። በየቀኑ ሁለት ጊዜ፣ እንጨት በእንጨት ፈትገው ባወጡት እሳት ያበስላሉ፤ ሩዝ፣ ውሃ፣ ጨው፣ ዓሣ፣ የባሕር ቅጠል፣ አትክልት፣ ሳኬ። ይህ ወደ 1,500 ዓመት ሳይቋረጥ የቆየ ነው ይባላል። መንገድ ልቀቁላቸው።

ወደ መውጫው ስትመለሱ ከኩሬው አጠገብ ሴንጉካን የተባለች ቤተ መዘክር አለች። መግቢያዋ በጥቂት መቶ የን ነው። ውስጧ የጌኩ መቅደስ አንድ ክፍል በእውነተኛ መጠኑ ተሠርቶ ቆሟል፤ መሠሪያዎቹ፣ ልብሶቹ፣ ሰይፎቹም አሉ። መጋረጃው ጀርባ ያለውን ማየት የሚቻልበት ብቸኛ ቦታ ይህ ስለሆነ፣ ጊዜ አጥሮኛል ብላችሁ ሌላ ነገር ብትዘሉ ይሻላል እንጂ ይህን አትዝለሉ።

ሦስተኛ፦ ወደ ናይኩ

ጌኩ ፊት ለፊት ካለው ፌርማታ አውቶቡስ ያዙ፤ ሃያ ደቂቃ ገደማ ነው። ሲወርዱ ነው የሚከፈለው፣ ሳንቲም ያዙ። ወደ 5 ኪሎ ሜትር ስለሆነ በእግርም ይቻላል፣ ግን መንገዱ ተራ የከተማ አስፋልት ነው፤ እግራችሁን ለጠጠሩ ቆጥቡት።

አውቶቡሱ የኡጂ ድልድይ ፊት ይጥላችኋል። ርዝመቱ 101.8 ሜትር፣ ሙሉ በሙሉ የሚባል እንጨት ነው። እሱም በየ20 ዓመቱ ይታደሳል፤ ከመቅደሱ ግን አራት ዓመት ይቀድማል። ምክንያቱ ያው 1949 ነው፦ መቅደሱን ማደስ ሲያቅት ድልድዩን ብቻ አደሱ፣ ልዩነቱም እስካሁን ቀረ። የመጨረሻው በ2009 ተሠራ።

ከመሻገራችሁ በፊት በሁለቱ ጫፎች ያሉትን ቶሪዎች እዩ። ቁመታቸው 7.44 ሜትር ነው፤ ግንዶቹ ደግሞ ከዚህ በፊት የመቅደስ ምሰሶ ነበሩ። ከውጭ በኩል ያለው ከጌኩ፣ ከውስጥ በኩል ያለው ከናይኩ መቅደስ የመጣ ነው። 20 ዓመት መቅደስ ተሸክመው፣ 20 ዓመት እዚህ በር ሆነው፣ ከዚያ ወደ ኩዋናና ወደ ሴኪ ተወስደው በጥንታዊው የተጓዦች መንገድ ላይ ሌላ 20 ዓመት ይቆማሉ። በ2013 በአዲስ የተተካው መቅደስ አልጠፋም ማለት ነው፤ እጃችሁን ዘርግታችሁ ልትነኩት ትችላላችሁ። እኔ በመጀመሪያው ቀን በሥሩ ሳልፍ ስልኬን እያየሁ ነበር። በዲሴምበር፣ በዓመቱ አጭር ቀን ሰሞን ፀሐይ ልክ በዚህ ቶሪ መሐል ትወጣለች፤ ለዚያ ማለዳ ሰዎች በጨለማ ይሰለፋሉ።

እዚህ ቀኝ ያዙ። ሣር ሜዳውን አልፋችሁ ሁለት መታጠብ ይጠብቃችኋል፦ አንደኛው እንደ ጌኩ በጭልፋ፣ ሁለተኛው በኢሱዙ ወንዝ ዳር። ወንዙ ዳር የተነጠፈውን ድንጋይ በ1692 የሾጉኑ (የጦር ገዢው) የትሱናዮሺ እናት ኬይሾዪን እንዳሠራችው ይነገራል። ቁጢጥ ብላችሁ እጃችሁን ውሃው ውስጥ አግቡ። እምነቱ ባይኖራችሁም አድርጉት፤ በኦገስት ሙቀት ከዚህ የሚበልጥ ደስታ የለም፣ በፌብሩዋሪ ደግሞ ከእንቅልፍ ያነቃል። በመንገድ ላይ አውራ ዶሮ ቢያጋጥማችሁ አትገረሙ፤ እነሱም የቤቱ ናቸው፣ ማንም አይነካቸውም። ቀኑ ወር በገባ 1፣ 11 ወይም 21 ከሆነ ደግሞ ማለዳ ላይ ያጌጠ ፈረስ ወደ መቅደሱ ሲመራ ልታዩ ትችላላችሁ።

ከዚያ የድንጋዩ ደረጃ ነው። ፎቶ የሚፈቀደው ከደረጃው ግርጌ ብቻ ነው፤ አንድ አንሱና ስልኩን ኪስ ውስጥ ክተቱት። ወጥታችሁ የምታገኙት እኔን ያናደደኝን ነጭ መጋረጃ ነው። ግቢው በአራት ተርታ አጥር የተከበበ ነው፤ በውስጡ መቅደስ፣ በመቅደሱ የአማቴራሱ ምልክት የሆነው መስታወት። ካህናት ካልሆኑ በቀር መስታወቱን የሚያይ የለም፤ እነሱም እንኳ የሚያዩት ተጠቅልሎ ነው ይባላል። መንበር በመጋረጃ ተጋርዶ ላደግን ሰዎች እንግዳ መሆን ያልነበረበት ነገር ነበር፤ ያኔ ግን አልገባኝም። ጥቂት ቁሙ። ነፋስ ሲመጣ መጋረጃው ይነሳል፤ የአካባቢው ሰው ይህን እንደ መልካም አቀባበል ይቆጥረዋል፣ ለእናንተ ደግሞ ሁለተኛውን በር ለአንድ አፍታ ያሳያችኋል።

ጃፓኖች እዚህ ምስጋና ብቻ ያቀርባሉ፤ የግል ልመናቸውን ከጀርባ ወዳለችው ወደ አራማትሱሪ ኖ ሚያ ይወስዳሉ። ወደዚያ በሚወስደው መንገድ ላይ የሩዝ ጎተራ አለ፤ አሠራሩ የመቅደሱ ነው፣ ያውም መንገድ ዳር። ቅርብ ሆናችሁ ተመልከቱት። አናጺዎቹ ያለ ሚስማር እንጨት ከእንጨት እንዴት እንዳቆላለፉ እዚያ ላይ ይታያል።

ክታብና ማኅተም

በመመለሻችሁ በካጉራ (የሺንቶ ቅዱስ ጭፈራ) አዳራሹ አጠገብ ኦማሞሪ የሚባሉ በጨርቅ የተሰፉ ትናንሽ ክታቦች ይሸጣሉ። ክታብ ለማያሥሩ ለስጦታ የሚሆን ሌላ ነገር ብዙ አለ፤ ክታቡን ግን እንደ ቁልፍ ማንጠልጠያ አትቁጠሩት። ማኅተም ለሚሰበስቡ ጎሹዪን የሚባለው በልዩ ደብተር ላይ ይመታል። የሌላ ቤተ አምልኮ ማኅተም ላይ ትልልቅ የብሩሽ ጽሑፍ ይኖራል፤ የኢሴው ቀይ ማኅተምና ቀን ብቻ ነው። ዕጣ የሚወጣባቸውን ወረቀቶች የምትፈልጉ ደግሞ አትድከሙ፣ ኢሴ ውስጥ የሉም። ድሮ ኢሴ መምጣት በሕይወት አንዴ የሚገኝ ስለነበረ የመጣበት ቀን ሁሉ መልካም ዕጣ ነው ይላሉ።

አራተኛ፦ መብላት

ድልድዩን ተሻግራችሁ እንደ ወጣችሁ ኦሃራይማቺ የሚባለው 800 ሜትር የሚሆን የድሮ ሱቆች መንገድ ይጀምራል። አካፉኩ የተባለው ጣፋጭ ቤት ከ1707 ጀምሮ እዚሁ ነው፤ ዋናው ቤት ቅጥሩ ሲከፈት እኩል በ11 ሰዓት ንጋት ይከፈታል። ለስላሳ የሩዝ ሊጥ በተፈጨ ጣፋጭ ቀይ ባቄላ ተሸፍኖ፣ ላዩ ላይ የሦስት ጣት መስመር፤ መስመሩ የኢሱዙ ወንዝ፣ ነጩ ሊጥ የወንዙ ጠጠር ነው ይላሉ። ሁለት ፍሬ ከሻይ ጋር ወንዙን እያያችሁ ብሉ፤ ሥጋም ወተትም የለበትም።

ኢሴ ኡዶን ወፍራምና በጣም የለሰለሰ ኑድል ነው፣ መረቁ ጥቁርና ትንሽ። ከሩቅ በእግሩ የመጣ፣ የደከመው መንገደኛ ሳያኝክ እንዲበላው ተብሎ ነው ይባላል። ጾመኞች ሆይ፣ መረቁ ከደረቀ ዓሣ ይወጣል፤ ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለውን ክርክር እኔ እዚህ አላነሳም። አልኮል ለማይነኩ ደግሞ በእንዲህ ያለ መረቅ ውስጥ ሚሪን የሚባል የሩዝ መጠጥ ብዙ ጊዜ ይገባል፤ ጠይቁ።

በየሱቁ አንገቱ ላይ ከረጢት የታሠረለት የውሻ አሻንጉሊት ታያላችሁ። በድሮው ዘመን በሽተኛ ወይም አቅመ ደካማ የሆነ ሰው ውሻውን በራሱ ፈንታ ይልክ ነበር። በአንገቱ ገንዘብና ማስታወሻ ያሥርለታል፤ መንገደኛው እያበላ፣ እያሳደረ፣ ለሌላው እያስረከበ ኢሴ ያደርሰዋል፣ ከኢሴም ክታብ አሥረው ይመልሱታል። ገንዘቡን የሚሰርቅ እንዳልነበረ፣ እንዲያውም መንገድ ላይ እየጨመሩበት እንደሚሄዱ ይተርካሉ። በ1830 በጥቂት ወራት ውስጥ ከ4 ሚሊዮን በላይ ሰው እንደ መጣ ሲነገር፣ ውሾቹ ስንት እንደነበሩ የቆጠረ የለም።

ሱቆቹ ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ አንድ በአንድ ይዘጋሉ፤ ለመመለስ ከናይኩ ፊት አውቶቡስ ይዛችሁ ኢሴሺ ወይም ኡጂያማዳ ጣቢያ ውረዱ። ማደር የምትችሉ ከሆነ በማግስቱ ማለዳ ድልድዩን ዳግመኛ ተሻገሩት።

ከ2033 መጸው በኋላ የምትሄዱ ደግሞ ይህን ጽሑፍ አንድ ቦታ ላይ አርሙት፦ መቅደሱን የምታገኙት ዛሬ ጠጠር ብቻ ባለበት ግቢ ውስጥ ነው፤ እኔ ከመጋረጃው ፊት ቆሜ የተናደድኩበት ቦታ ደግሞ ያቺ የውሻ ቤት የምታክል ጎጆ የቆመችበት ባዶ ሜዳ አጠገብ ይሆናል።